ዝዋይና አብጃታ በኮምፒውተር ገጽ ላይ

ፌት የተባለውን የሳይንስ ሲሙሌሽን ስብስብ በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ናቸው፤ በነጻ ይገኛል። ከስብስቡ አንዱ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው፣ አንድ ገንዳ ብቻ ነው፤ ከላይ ንጹህ ውሃ የሚጨምር ቧንቧ፣ ከታች ማፍሰሻ፣ የሚሟሟው ነገር የሚነሰነስበት ዕቃ፣ ትነት መቆጣጠሪያና መለኪያ አለው። ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው የለም። ከአዳማ በሞጆና በመቂ እስከ ባቱ ባሉት ከተሞች የሚያስተምር መምህር ግን ገንዳውን ሐይቅ ሊያደርገው ይችላል። ማፍሰሻው ሲከፈት ዝዋይ ነው፤ የመቂና የቀጣር ወንዞች ይገቡበታል፣ ቡልቡላ ከእሱ ይወጣል፣ ጨውም አይጠራቀምበትም። ሲዘጋ ቡልቡላን የሚቀበለው አብጃታ ይሆናል፤ መውጫ ስለሌለው ውሃው በትነት ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል። ወንዝ ንጹህ ውሃ ብቻ ስለማያመጣ ተማሪው በየመሀሉ ጥቂት እንዲነሰንስ ይታዘዛል። ትነቱ ከገፋ የሟሟው ታች ይዘቅጣል፤ በአብጃታ የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ የተመሠረተውም በዚሁ አሠራር ላይ ነው። ትምህርቱን የሠራው እንግዲህ ፕሮግራሙ ሳይሆን የመምህሩ ጥያቄ ነው።

ፕላዝማን የሚያስታውስ ሰው ይህን ዘዴ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ከሳተላይት በራሱ ፍጥነት ያወርደው ነበር፤ መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ሲሙሌሽን ግን መምህሩ ካልነካው አይንቀሳቀስም። ኢንተርኔት የለም ለሚለውም፣ አንዴ ከወረደ በፍላሽ ይዞራል። አንድ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ለክፍሉ ይበቃል፣ ማፍሰሻው ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ከጻፈ። (መብራት ከጠፋ ሌላ ነገር ነው።)

ከበድ የሚለው ተቃውሞ እውነተኛ ቤተ ሙከራን አይተካም የሚለው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮሎራዶ ጥናት የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት በሲሙሌሽን የተማሩት፣ በሽቦና በአምፖል ከተማሩት ይልቅ እውነተኛውን ሰርኪዩት ሲሠሩም ሲያብራሩም በልጠው እንደተገኙ አሳይቷል። ይህ ለሁሉም ትምህርት ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ገንዳው አለት የለውም፤ በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ደግሞ ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚገባው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። ለዚህ ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃና እውነተኛ መለኪያ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በገንዳው የሠራ ተማሪ የፍሎራይዱ መጠን ውሃው ሲተን ለምን ከፍ እንደሚል ለማስረዳት አይቸገርም።