የአውሮፕላን ሙያ ሥልጠና፦ ወጪው የማን ነው?

በአቪዬሽን ሙያ ተምሮ መጨረስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ካፒቴን የቱንም ያህል ዓመት ቢያበር በየጊዜው፣ በብዙ አየር መንገዶች በየስድስት ወሩ፣ ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲጠፋበት ወይም እሳት ሲነሳበት የሚያደርገው ይፈተናል፤ ካላለፈ ተሳፋሪ ይዞ አይነሳም። የጥገና ባለሙያውም ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት ለብቻው ኮርስ መውሰድ አለበት። በሌሎች ዘርፎች የሠራተኛ ሥልጠና በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጥ ነው። በዚህኛው ግን እንደ ነዳጅ ሁሉ የማይቀር፣ በሕግ የሚገደድ ወጪ ነው።

ወጪው ለምን እንደሚከብድ ለማየት ከአብራሪው ይልቅ ብዙ የማይወራለትን ቴክኒሺያን መመልከት ይሻላል። በአውሮፓ ደንብ የአውሮፕላን አካልና ሞተር ጥገና ፈቃድ የሚፈልግ ሰው እውቅና ባለው ትምህርት ቤት 2,400 ሰዓት ይማራል፤ ከዚያም 2 ዓመት በሥራ ላይ ባሉ አውሮፕላኖች ልምድ ይቀስማል። ሙያውን በሥራ ብቻ ለተማረ ሰው የሚጠየቀው ልምድ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። የአሜሪካው ደንብ በልምድ ለሚመጣ ሰው ለአካል ወይም ለሞተር ብቻ 18 ወር፣ ለሁለቱም 30 ወር ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ያለፈ ባለሙያ እንኳ የአንድ አውሮፕላን ዓይነት ኮርስ ሳይጨምር ያንን አውሮፕላን ፈርሞ ለበረራ መልቀቅ አይችልም። በእነዚህ ዓመታት ሠልጣኙ ለድርጅቱ የሚያስገባው ጥቂት፣ የሚወስደው የአስተማሪ ጊዜና መሣሪያ ግን ብዙ ነው።

ታዲያ ማን ይክፈል? አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት የሰው ካፒታል ጥናት ሥልጠናን በሁለት ከፍለውታል፦ ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም ክህሎትና የትም ይዘውት የሚሄዱት ክህሎት። የመጀመሪያውን ድርጅቱ ቢከፍል ያዋጣዋል። የሁለተኛውን ፍሬ የሚያጭደው ሠራተኛው ስለሆነ ወጪውንም መሸከም ያለበት እሱ ነው። የአቪዬሽን ሙያ በአብዛኛው ከሁለተኛው ይመደባል፤ አዲስ አበባ ላይ ቦይንግ 777 የጠገነ ባለሙያ ዶሃም ዱባይም ቢሄድ የሚጠብቀው ያው አውሮፕላን ነው። ነገር ግን ሠልጣኙ ይክፈል ቢባል አብዛኛው ቤተሰብ አቅሙ የለውም፤ ባንክም ቤትና መኪና እንጂ እውቀትን በመያዣነት አይቀበልም። መውጫው የአገልግሎት ውል ሆኗል። ድርጅቱ ያሠለጥናል፣ ሠልጣኙ ደግሞ ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በዓመታት ይከፍላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ይህን ሒሳብ በግልጽ ያሳያል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አስተዳደሩን በውል የያዘው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ነበር፤ አብራሪዎቹም ቴክኒሺያኖቹም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ የሆኑት በ1957 ሲሆን፣ ዋና ሥራ አስኪያጅነቱ በኢትዮጵያዊ እጅ የገባው በ1971 ነው። በመካከሉ፣ በ1960ዎቹ፣ የአብራሪዎችና የቴክኒሺያኖች ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ለውጭ ባለሙያ ይወጣ የነበረው የውጭ ምንዛሪ በአገር ውስጥ ሥልጠና የተተካው እንዲህ በዝግታ ነው፤ ሩብ ምዕት ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ ተቋሙ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ያስተምራል። ይህ የጉርብትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ የተሟላ ሲሙሌተር ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ ሌሊትም ቢሠራ ባዶ ቢቆምም የተገዛበት ዋጋ አይቀንስም። የውጭ ደንበኛ የሚከፍልበት እያንዳንዱ ሰዓት የአገር ውስጡን ሠልጣኝ ድርሻ ያቀላል።

አዲስ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ደግሞ የቆየ እውቀት ዋጋው ይወርዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት፣ ማለትም ከቃጫና ከሙጫ የተነባበረ ቁስ፣ ነው። በአሉሚኒየምና በሪቬት ያደገ ባለሙያ ስንጥቅን በዓይኑ መፈለግ ለምዷል፤ በኮምፖዚት ግን ጉዳቱ ከላይ ሳይታይ ንብርብሩ ውስጥ ሊደበቅ ስለሚችል በአልትራሳውንድ መመርመርን መማር ነበረበት። ከዚህም በላይ በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች ከሞተር በሚሳብ አየር ይሠራ ከነበረው ብዙው በ787 ወደ ኤሌክትሪክ ስለዞረ የአቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ) ባለሙያው ተፈላጊነት ጨመረ።

ፍላጎቱም ዓለም አቀፍ ነው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንበያ ዓለም በቀጣዮቹ 20 ዓመታት 674,000 አብራሪዎችና 716,000 ቴክኒሺያኖች ያስፈልጉታል ብሏል። ትንበያው አውሮፕላን ከሚሸጥ ኩባንያ የመጣ መሆኑን ማስታወስ አይከፋም፤ ቢሆንም የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች የራሳቸው ዜጋ ስለማይበቃቸው ከመላው ዓለም፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ የሠለጠነ ሰው መቅጠራቸው እውነት ነው።

የአገልግሎት ውሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጊዜው በጣም ካጠረ አሠልጣኙ ለሌሎች በነፃ እንዳስተማረ ይቆጠራል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ጎበዙ ገና ከመነሻው ሳይፈርም ይቀራል፤ የፈረመውም ዓመቱን እየቆጠረ ይቀመጣል እንጂ ለተጨማሪ ኮርስ አይጓጓም፣ አዲስ ኮርስ አዲስ ግዴታ ሊያስከትል ይችላልና። በአውሮፓ ለአውሮፕላን ዓይነት ኮርስ የተለመደው ውል የተሻለ ይመስላል፦ ዕዳው በተሠራበት ወር ልክ እየቀነሰ ይሄድና አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ባለሙያውን የሚያቆየው ደመወዙና የዕድገት መሰላሉ ብቻ ነው፤ አሠሪውም ይህን አውቆ በጀቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል።