አዲስ የኮምፒዩተር ሞኒተር በራጅ ንባብ ክፍል፦ የብርሃንና የቀለም አስተካከል

አዲስ የኮምፒዩተር ሞኒተር ከካርቶኑ ወጥቶ ሲሰካ የሚታየው ብርሃንና ቀለም በአምራቹ የተመረጠ ነው። የአምራቹ ሐሳብ ደግሞ ከሱቅ መደርደሪያ ብዙም አይርቅም። እዚያ የገዢን ዓይን የሚስበው ይበልጥ የሚያበራውና ቀለም የሚያጋንነው ስለሆነ፣ ሞኒተሩ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከፍ ብሎ፣ ነጩም ወደ ሰማያዊ አዘንብሎ ይመጣል። ለደብዳቤ መጻፊያ ቢሆን ጉዳቱ ከዓይን ድካም አያልፍም። የደረት ራጅ በሚነበብበት ክፍል ግን ጉዳዩ የሕመምተኛ ጉዳይ ይሆናል።

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። እንዲህ ባሉ ከተሞች ምስሉን በመጀመሪያ የሚያየው፣ ብዙ ጊዜም ውሳኔ የሚሰጥበት፣ ራዲዮሎጂስት ሳይሆን ተረኛው ጠቅላላ ሐኪም ነው። አጠራጣሪ የሆነውን ሕመምተኛ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መላክ ሁልጊዜም ቀላል አልነበረም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ በእጅ ያለው ምስል የያዘውን ሁሉ ማሳየት ይኖርበታል።

ተራ ሞኒተር ከጥቁር እስከ ነጭ 256 የግራጫ ደረጃዎችን ይቀበላል። መቀበሉ ግን ሁሉንም ለዓይን ያሳያል ማለት አይደለም። ጥቁሩ ከሚገባው በላይ ከጠቆረ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናሉ። በሳንባ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ኒሞቶራክስ የምትታወቀው እጅግ በቀጠነ የሳንባ ሽፋን መስመርና ከመስመሩ ውጭ ባለው ባዶ ጥቁር ቦታ ነው፤ መስመሩ በጥቁር ውስጥ ከሰመጠ የሚቀር ምልክት የለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ነጩ ከመጠን በላይ ሲነጣ ከልብ ጥላ ኋላ የተደበቀው የሳንባ ምችና ከድያፍራም በታች ያለው የሳንባ ክፍል ይጠፋሉ። የሚያሳስበው፣ እንዲህ የተበላሸ ምስል ለዓይን የተበላሸ አለመምሰሉ ነው። እንዲያውም ይበልጥ የጠራና የደመቀ መስሎ ይታያል።

ሁለቱ ዋና መቆጣጠሪያዎች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ዛሬ በምንጠቀምባቸው ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ብራይትነስ የሚባለው ከስክሪኑ ኋላ ያለውን መብራት ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ኮንትራስት የሚባለው ግን ምልክቱን ራሱን ይዘረጋል ወይም ይሰበስባል። በጥንቶቹ ባለ ጉብጉብ ሞኒተሮች ጥቁሩን የሚወስነው ብራይትነስ ነበርና፣ በእነርሱ የለመደ ባለሙያ በአዲሱም ላይ ያንኑ ይፈልጋል። በአዲሱ ኮንትራስትን እስከ መጨረሻው ማሳደግ ነጩን ይበላል፤ ፋብሪካው ካስቀመጠበት ቁጥር ብዙም ባይርቅ ይመረጣል።

ሥራው የሚጀመረው ሞኒተሩ ለ30 ደቂቃ ያህል በርቶ ከቆየ በኋላ ነው። በቅድሚያ ሪዞሉሽኑ ሞኒተሩ በተሠራበት ልክ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ምስሉ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ብርሃንን እንደ ምስሉ ይዘት በራሱ የሚለዋውጠው የዳይናሚክ ኮንትራስት አገልግሎት፣ ኃይል ቆጣቢውና ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጫው የኮምፒዩተሩ ቅንብር ይዘጉ። ሻርፕነስ የሚባለውም ወደ መካከለኛው ይመለስ፤ ሲበዛ በአጥንት ጠርዝ ላይ የሌለ መስመር ይፈጥራልና፣ ስብራት ለሚፈልግ ዓይን ክፉ አሳሳች ነው። ጋማ 2.2፣ የቀለም ሙቀት 6500 ኬልቪን ቢሆን መልካም ነው። በሞኒተር ፋንታ ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚጠቀሙ ክፍሎች አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል፦ ኮምፒዩተሩና ቴሌቪዥኑ በምልክቱ ስፋት ላይ ካልተስማሙ ጥቁሩም ነጩም ይቆረጣል ወይም ሁሉም ይደበዝዛል። ይህ የሚስተካከለው በብራይትነስ ሳይሆን በሁለቱ ቅንብር ውስጥ ስፋቱን አንድ በማድረግ ነው።

መፈተኛውን ያለ ኢንተርኔትም ማዘጋጀት ይቻላል። በማንኛውም የገለጻ ማዘጋጃ ፕሮግራም ላይ አንድ ፍጹም ጥቁርና አንድ ፍጹም ነጭ ሳጥን ይሣላል። በጥቁሩ ውስጥ ሦስቱም የቀለም ቁጥሮቹ 13 የሆነ ትንሽ ሳጥን፣ በነጩ ውስጥ ደግሞ ሦስቱም ቁጥሮቹ 242 የሆነ ሌላ ትንሽ ሳጥን ይቀመጣል። እነዚህ 5 ከመቶና 95 ከመቶ የሚሆኑት ደረጃዎች ኤስኤምፒቲኢ በሚባለው፣ በራጅ ክፍሎች ለብዙ ዓመታት በታወቀው መፈተኛ ምስል ውስጥ ያሉት ናቸው። ሁለቱም ትንንሽ ሳጥኖች ከተቀመጡበት ወንበር ላይ ሆኖ በግልጽ መለየት አለባቸው። የነጩ ከጠፋ ኮንትራስት ይቀነስ። የጥቁሩ ከጠፋ አስቀድሞ የክፍሉ ብርሃን ይታይ፤ ከዚያ ጋማው፣ በመጨረሻም ብራይትነሱ። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ቲጂ18-ኪውሲ የተባለው ምስል ማግኘት ለሚችል ደግሞ የተሻለ ነው።

የክፍሉን ብርሃን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለራጅ ንባብ የሚመከረው ከ25 እስከ 75 ላክስ የሚደርስ ደብዛዛ ብርሃን ሲሆን፣ ተራ ቢሮ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያበራል። በደጋ አገር የኅዳር ፀሐይ ከፊት ለፊት ባለ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አርፎ በመስኮት ሲገባ የትኛውም ሞኒተር አይቋቋመውም፤ ነጸብራቁ ጥቁሩን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። በሐምሌ ደመና የተስተካከለ ሞኒተር በኅዳር ረፋድ የማያሳየው ለዚህ ነው። ስለሆነም ሞኒተሩ ለመስኮቱ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀል፣ ፍተሻውም ምስል በብዛት በሚነበብበት ሰዓት ይደረግ። በርካሽ ሞኒተሮች ላይ ከጎን ወይም ከበታች ሆኖ የሚያይ ሰው ሌላ ምስል ያያል፤ በጠዋት ጉብኝት ከኋላ ቆመው የሚመለከቱ ተለማማጆች ይህ አይጥፋቸው። ላፕቶፕም መብራት ሲጠፋ በባትሪ ሲሠራ ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል፤ ማታ መብራት በጠፋበት ሰዓት የታየ ምስል መብራቱ ሲመለስ ዳግመኛ ቢታይ ይገባል።

ቀለም ለራጅ ብዙም አያስጨንቅም። የቆዳ፣ የቁስል ወይም የጨቅላ ሕፃን ፎቶግራፍ በሚታይበት ግን ማታ የሚያቢጨው ቅንብር ጤነኛውን ሕፃን የወፍ በሽታ ያለበት ያስመስለዋል፤ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለው ደግሞ ያለበትን ይደብቃል። ከስክሪኑ አጠገብ በቀን ብርሃን የተያዘ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ተራ ሞኒተር የራጅ ሞኒተር አይሆንም። ለምርመራ የሚመከረው ከፍተኛ ብርሃን ቢያንስ 350 ካንዴላ በካሬ ሜትር ሲሆን፣ የቢሮ ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዳይኮም ግራጫ መለኪያም በተራ ሞኒተር ላይ ያለ መለኪያ መሣሪያ አይገኝም። ጉድለቱን የሚያካክሰው የምስል ማያ ፕሮግራሙ ነው፦ አጠራጣሪውን ቦታ ማጉላት፣ ዊንዶውና ሌቭል የሚባሉትን እየለዋወጡ ጥቁሩን ለብቻ ነጩን ለብቻ መመርመር። ለሌላ ሐኪም የሚላክ ምስልም ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ከፕሮግራሙ በቀጥታ ቢወጣ ይሻላል። በዚያን ጊዜ የሚላከው የተመረጠው ዊንዶው ብቻ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቅጂ ማውጣት፣ የሕመምተኛውንም ስምና የካርድ ቁጥር ማንሳት ያስፈልጋል።

የተስተካከሉት ቁጥሮች ከቀኑ ጋር በትንሽ ወረቀት ተጽፈው በሞኒተሩ ጀርባ ይለጠፉ። የኋላው መብራት በአገልግሎት ብዛት እየደከመ ስለሚሄድ ሁለቱ ሳጥኖች በየወሩ ይታዩ፤ ብራይትነሱ መጨረሻው ደርሶ የጥቁሩ ሳጥን በጨለመ ክፍል ውስጥም የማይለይ ከሆነ፣ ያ ሞኒተር ወደ ካርድ ክፍል ተዛውሮ ሌላ ይጠየቅ።