ከፊልና ኢቃማ

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ላስታ ዘልቆ የቅዱስ ላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ ከሕንጻው ሐተታ ሌላ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል መጻተኛ ያገኝበታል፤ ይህም ሰው በዐፄ እስክንድር ዘመን ገብቶ፣ ርስት ተተክሎለት፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ በክብር ሲኖር፣ ወደ አገሩ ልመለስ ባለ ጊዜ ግን ዐፄ ናዖድም ዐፄ ልብነ ድንግልም አላሰናበቱትም። ነገሥታቱ መጻተኛን የሚጠብቁት በመግቢያው ሳይሆን በመውጫው በር ነበር ማለት ነው።

ይህን ማንሣቴ፣ ዛሬ ከወሎ ደጋና ቆላ ወደ ዓረብ አገር የሚፈልሱት ልጆቻችን የሚያድሩበት የከፋላ ሥርዓት ያንኑ የመውጫ በር ስላስታወሰኝ ነው። ከፋላ በዓረብኛ ዋስትና፣ ከፊል ደግሞ ዋስ ማለት ነው፤ ከእኛው «ከፊል» ጋር በትርጉም አይገናኝም፣ ምንም እንኳ የሰውን ነጻነት ከፊል ቢያደርገው። በብዙው ዓለም ቪዛን የሚሰጠውም የሚሰርዘውም መንግሥት ሲሆን፣ አሜሪካ በዲቪ ዕጣ፣ ማትያስ ከሐዋርያት እንደ ተቈጠረበት ያለ ዕጣ፣ በዓመት እስከ 55,000 ሰው ስትጠራ፣ ካናዳም ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜንና ትምህርትን በነጥብ ስትመዝን፣ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ግን የዚህን ሥልጣን ትልቅ ድርሻ ለአሠሪው አሳልፈው ሰጥተዋል። ቪዛውን የሚያስወጣ፣ ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሳድስ፣ በሳዑዲ ዓረቢያም የቤት ሠራተኛዋ ወደ አገሯ ስትመለስ የመውጫ ቪዛ የሚጠይቅላት ከፊሉ ነው፤ ከቤቱ የወጣች እንደ ሆነም «ሁሩብ»፣ ኰብልላለች፣ ብሎ ባስመዘገባት ጊዜ፣ ትናንት ሕጋዊ የነበረችው ሴት ዛሬ ሕገ ወጥ ሆና ትታደናለች።

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት ከስደት ተመላሽ፣ ጊዜው ያለፈበትን ኢቃማዋን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየችኝ። ፎቶግራፉ ደብዝዟል፤ የአሠሪዋ ስም ግን በዓረብኛ ጐልቶ ይነበባል። «ጋሼ፣ በገዛ መታወቂያዬ ላይ የጌታዬን ስም ይዤ ነበር የምዞረው» አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሳዑዲ ዓረቢያ ብዙ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጡ ስትፈቅድ፣ የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አደረገች፤ ከእኛ አገር በኮንትራት የሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ ግን እነሱው ናቸውና፣ ዝናሙ በሌላው ማሳ ላይ ጥሎ አለፈ። ኮንትራት ያላገኘው ወጣት ከጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ባሕረ ኤርትራን ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ያለ ከፊል ሳዑዲ ይገባል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከሳዑዲ የተመለሰው ወገናችን ከ160,000 በላይ ነበር። መንግሥታችንም በዚያው ዓመት ጥቅምት የሥራ ጉዞን ከልክሎ፣ ከዓመታት በኋላ ፈቀደ፤ እገዳው ለደላላ ሠርግና ምላሽ እንደ ሆነለት ግን ወልድያ መናኸሪያ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ እኅትህን የምትሸኝ አንባቢ ሆይ፣ የከፊሉን ስምና አድራሻ ከኮንትራቱ ላይ አስቀድመህ ገልብጠህ፣ የፓስፖርቷንም ቅጂ በቤትህ አኑር፤ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሳዑዲ ሕግም ክልክል መሆኑን ንገራት። ያች ቡና አፍይ የከፊሏን ስም ያወቀችው ሪያድ ከወረደች በኋላ ነው።