ራውተሩን ነቅለው ይዩት

የአዲስ አበባ ግቢ ደወል ሳይገጠምለት በፊትም መጠበቂያ ነበረው። እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ ወይ ይከፈታል፣ ወይ ዘበኛው በቀዳዳ አጮልቆ «የሉም» ብሎ ይመልሳል።

የመኖሪያ ቤት ካሜራም የተወለደው ከዚሁ «ማነው?» ነው። ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን በኒውዮርክ ኩዊንስ የምትኖር ነርስ ነበረች። የእሷም የባሏም የሥራ ሰዓት የተዘበራረቀ ስለነበር ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት። ፖሊስ ቢጠራም ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ ከኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ባሏ ከአልበርት ጋር ሆና አንድ መላ ዘየደች። በሩ ላይ ከላይ ወደ ታች 4 ቀዳዳዎች፣ ከኋላቸው ወጣ ወረድ የምትል ካሜራ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ምስሉን የሚያሳይ ቴሌቪዥን፣ ከመጣው ሰው ጋር የሚነጋገሩበት ማይክሮፎን። ወዳጅ ከሆነ ከአልጋዋ ሳትነሳ አዝራር ተጭና በሩን ትከፍታለች፤ ካልሆነ በሌላ አዝራር የድረሱልኝ ጥሪ ታሰማለች። ማመልከቻው የገባው እ.አ.አ. በ1966 ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ በታኅሣሥ 1969 ተሰጣቸው።

ዛሬ በየሱቁ «ስማርት ሆም» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ከዚህ ሐሳብ ብዙም አልራቀም፤ ቴሌቪዥኑ ስልክ ሆኗል፣ ካሜራዋም አውራ ጣት አክላለች። አንድ ነገር ግን በጣም ተለውጧል። የማሪ መሣሪያ ምስል ከበሩ እስከ አልጋዋ ድረስ ብቻ ነበር የሚጓዘው። የብዙው የአሁን ካሜራ ምስል ከውጭ በራችን ተነስቶ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ፣ ተመልሶ ሳሎን የተቀመጥነው ሰዎች ስልክ ላይ ይገባል። ጀማሪ ገዢ ዋጋና የፒክሰል ቁጥር ሲያወዳድር ይህን መንገድ ማንም አይነግረውም።

በነገራችን ላይ፣ ብዙዎቻችን ሳናውቀው አውቶሜሽን ቤታችን ከገባ ቆይቷል። ሮቶ ውስጥ ያለውን ፍሎተር አስቡት። ውሃው ዝቅ ሲል ኳሷ ትወርዳለች፣ ፓምፑ ይነሳል፤ ሲሞላ ትንሳፈፋለች፣ ፓምፑ ይቆማል። ማንኛውም የቤት አውቶሜሽን ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይወስናል፣ አንዱ ይሠራል። የፍሎተሯ ውሳኔ የሚሰጠው እዚያው ሮቶው ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ አትጠይቅም፤ ፓስዎርድም የላትም።

እኔ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ዕቃ ያለውን ጥቅም የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንዲት የዋይፋይ ካሜራ ገዝቼ ውጭ በሩ ላይ ሰቀልኩ። ቢሮ ቁጭ ብዬ የጎረቤቴን ዶሮዎች እስከ መቁጠር ደርሼ ነበር። አንድ ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ። ጠዋት ስነሳ የውሃ ቆጣሪው ቦታው ላይ የለም። ስልኬን ከፈትኩ፤ ካሜራዋ የመጨረሻ ያሳየችኝ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ባዶ በር ነው፤ ከሥሩ «ኦፍላይን» ይላል። ካሜራዋ አልተበላሸችም። ራውተሩ ጠፋ፣ እሷም አብራ ጠፋች።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ የሚገዙትን ዕቃ ራውተሩን ነቅለው፣ ቀጥሎም ብሬከሩን ዝቅ አድርገው ይፈትኑት። ምን ምን መሥራቱን ይቀጥላል?

ካሜራ ለሚፈልግ፣ በኬብል የሚሠራውን እመርጣለሁ። በኔትወርክ ኬብል ኤሌክትሪክም ምስልም አብሮ የሚያልፍበት አሠራር አለ፤ ፒኦኢ ይሉታል። ጥቅሙ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። መቅጃውና ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበት ማከፋፈያ ያሉበት ክፍል አንድ ዩፒኤስ፣ ማለትም መጠባበቂያ ባትሪ፣ ካስቀመጡ፣ ዩፒኤሱ እስኪደክም ድረስ ካሜራዎቹ በሙሉ ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ምስሉ የሚቀመጠው ኤንቪአር በሚባለው መቅጃ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሻጩ «አንድ ወር ይይዛል» ሲል አይመኑት፤ ራስዎ ያስሉ። አንዲት ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ብትልክ በቀን 21.6 ጊጋባይት ትሞላለች። 4 ካሜራ ከሆነ 86 ጊጋባይት ያልፋል፤ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ እንግዲህ ከ11 ቀን ተኩል በኋላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል። ይህ ለብዙ ቤት ይበቃል። መቅጃውን ግን ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር አያስቀምጡት፤ ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ማስረጃውንም መርቀው እንደሰጡት ነው። ካሜራና መቅጃው የተለያየ ድርጅት ሥራ ከሆኑ ሁለቱም «ኦንቪፍ» የሚለውን የጋራ ስምምነት እንደሚያሟሉ ይጠይቁ።

ካሜራ ግን የሆነውን ያሳያል እንጂ ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም። የሚቀሰቅሰው ሴንሰር ነው፤ ከሴንሰር ሁሉ ደግሞ የምወደው ርካሹን ነው። የበር ሴንሰር ሁለት የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። አንዱን ቢከፍቱት ማግኔት ብቻ ነው። በሌላው ውስጥ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ የመስታወት ቱቦ አለች፤ በውስጧ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ለመነካካት ጥቂት ቀርቷቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ቀርቦ ያገናኛቸዋል፤ ሲከፈት ይላቀቃሉ። ማዕከል የሚባለው መቆጣጠሪያ ይሰማል፣ ሳይረኑ ይጮኻል። በዋናው በርና በጓሮው በር ሁለቱን መለጠፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እንቅስቃሴ የሚያየው ፒአይአር ሌላ ጠባይ አለው፤ የሚያየው ሰው ሳይሆን የሙቀት ለውጥ ነው። ስለዚህ ድመትም ያስጮኸዋል፤ ክፍሉ የሰውነት ሙቀት በሚያክልበት አገር፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ በሐሩር ቀትር፣ ዓይኑ ይፈዛል።

እነዚህ ሁሉ የሚገናኙበት ማዕከል የራሱ ባትሪና የሲም ካርድ ቦታ ያለው ይሁን። ዋይፋይ ቢሄድ በሲሙ ይደውላል፣ መልእክት ይልካል። ሲሙ ውስጥ ሒሳብ መኖሩን ማየት ግን የእርስዎ ፋንታ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚዘናጋው።

ለመብራትና ለሶኬት የሚመጡት ዕቃዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ የተለያየ ነው፤ ዋይፋይ፣ ዚግቢ፣ ዚዌቭ። አምራቾቹ እ.አ.አ. በ2022 «ማተር» የሚባል የጋራ ቋንቋ አውጥተዋል፤ አዲስ ገዢ ካርቶኑ ላይ ምልክቱን ቢፈልግ አይጎዳም። እዚህ ላይ ከአሜሪካ በሻንጣ ለሚመጣ ስጦታ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚያ አገር ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ ስማርት ሶኬት የእኛን 220 ከነካ ጢሱ ነው የሚታየው። ዚዌቭ ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ የሬዲዮ ሞገዱ ስለሚለያይ፣ ከዋሽንግተን የመጣ አምፖል ከፍራንክፈርት ከመጣ ማዕከል ጋር አይግባባም። ወንድም እህትዎ «ምን ላምጣ?» ሲሉ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ከመግዛትዎ በፊት ብሬከሩን አውርደው የድሮውን ክዳን በካቻቢቴ ይፍቱ። ብዙ ቤት የሚገኙት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የሚገባው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚሄደው። አብዛኛው ስማርት ማብሪያ ግን ራሱም ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ኒውትራል ይፈልጋል። ከሌለ ወይ ያለ ኒውትራል የሚሠራውን መፈለግ፣ ወይ ግድግዳ መቦርቦር ነው። ስማርት አምፖል ይቀላል የሚሉ አሉ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ከክፍል ስትወጣ ማብሪያውን በልማድ ቀጭ አድርጋ ትዘጋለች፤ የአምፖሉ ብልህነት እዚያ ላይ ያበቃል።

ፓስዎርድ የመጨረሻ የማነሳው ቀላል ስለሆነ አይደለም። እ.አ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ሰብስቦ የራሱ ጦር አደረጋቸው። የተጠቀመው ረቂቅ ጥበብ አልነበረም፤ ከፋብሪካ የሚመጡ 60 ገደማ የሚሆኑ የስምና የፓስዎርድ ጥንዶችን በየተራ ይሞክራል፤ አድሚን አድሚን፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት። ያልተቀየረው ተከፈተ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር በነዚሁ ዕቃዎች በተፈጸመ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተደናቀፉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ምንም አላወቁም። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ከመሰላሉ ሳይወርድ ፓስዎርዱን ራስዎ ይቀይሩት። ካሜራውም የጎረቤት ግቢ እንዳያይ ያስዙሩት፤ ቤት ውስጥ ከገጠሙ ደግሞ አብራዎት የምትኖረው የቤት ሠራተኛ ካሜራው የት እንዳለ ትወቅ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አይግዙ። ባለ ሲም ማዕከል፣ ሁለት የበር ሴንሰር፣ አንድ ሳይረን ይበቃል፤ ካሜራው በሚቀጥለው ደመወዝ ይደርሳል። ሱቅ ሲገቡ ግን ሻጩን እዚያው «ራውተሩን ንቀልልኝ» ይበሉት። ሳይረኑ ከጮኸ፣ መቅጃውም መቅዳቱን ካላቆመ፣ ያኔ ዋጋ ይከራከሩ።