የየቲሙ ጋሻ በአሳዳጊው ክንድ

የኮቪድ 19 ክትባት መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጠኑም 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ነበር። ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ነው። ሕፃናት ተራ አልነበራቸውም። ስለዚህ አያቱ ለምታሳድገው የቲም ዋነኛው ጋሻ የአያቱ መከተብ ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንዱ የአስትራዜኒካ ብልቃጥ ለ10 ሰው የሚበቃ ሲሆን፣ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ክትባት ሰጪው ሰው እስኪሟላ ቢጠብቅ አይወቀስም። ነገር ግን ከቢቸና ወይም ከሞጣ ዙሪያ ገጠር በእግራቸው ለሚመጡ እናት «ሌላ ቀን ይመለሱ» መባል ማለት ልጆቹን ዳግመኛ ለጎረቤት አደራ መስጠት፣ የአንድ ቀን ሥራም መፍታት ነው። ያውም ክትባቱ ሁለት ዙር ነበር! በዚያው ዓመት መጋቢት ሕንድ ወደ ውጭ መላኩን በመገደቧ ሁለተኛው ዙር በብዙ አገሮች ዘገየ። በሐምሌ የገባው፣ አንድ ጊዜ መወጋት የሚበቃው የጆንሰን ክትባት ለገጠሬው ይበልጥ የተስማማ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙን አስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቷል። የኩፍኝ ክትባት ግን ዛሬም ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የቲም የምትረዱ ወገኖች፣ ከቀለቡና ከደብተሩ ጋር የአሳዳጊዋን የመጓጓዣ ወጪ አስቡ፤ ጤና ጣቢያው የሚከትብበትንም ቀን አስቀድማችሁ አስጠይቁላት።