ጀልባው ካለፈ በኋላ፦ በጠባብ ቦይ ውስጥ የውኃ፣ የደለልና የዓሣ ነገር

በእኛ ሀገር ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ወር በእንግሊዝ ወቅቱ በጋ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ከለንደን እስከ በርሚንግሃም 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ግራንድ ዩኒየን ቦይም በእነዚህ ወራት እንደ ገበያ መንገድ ይጨናነቃል። በውኃው ላይ ጀልባ ይመላለሳል፤ በዳርቻው ባለው መንገድ ላይ እግረኛና ብስክሌተኛ ይተላለፋል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል አንድ ሰው ከቦዩ ጠርዝ ተቀምጦ፣ 13 ሜትር የሚረዝም ዘንግ በውኃው ላይ ዘርግቶ ዓሣ ያጠምዳል።

ዓሣ ጸጥታ ይወዳል ሲባል ለሰማ ሰው ነገሩ እንቆቅልሽ ነው። በየሃያ ደቂቃው ጀልባ በሚያልፍበት ስፍራ ዓሣ እንዴት ይያዛል? መልሱ የሚገኘው አንድ ጀልባ ሲያልፍ በውኃው ውስጥ የሚሆነውን ነገር ደረጃ በደረጃ በመከታተል ነው።

አስቀድመን ስለ ቦዩ ጥቂት እንበል። ግራንድ ዩኒየን በዚህ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 የተለያዩ የቦይ ኩባንያዎች ሲዋሐዱ ቢሆንም ዋናው ክፍሉ በ1805 ተጠናቆ ለድንጋይ ከሰልና ለልዩ ልዩ ጭነት ማመላለሻ ያገለገለ ነው። የጭነቱ ሥራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየተዳከመ ሄዶ ዛሬ የሚመላለሱት በአብዛኛው የመዝናኛና የመኖሪያ ጀልባዎች ናቸው። የቦዩ መሐል ጀልባ እንዲሄድበት ጠለቅ ያለ ሲሆን ወደ ሁለቱም ዳር ሲጠጉ እንደ መደርደሪያ ከፍ ያለና ጥልቀቱ ያነሰ ወለል ይገኛል። ይህን ቅርጽ ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዘንጉም ቢሆን ተራ ዘንግ አይደለም። ክር የሚጠቀለልበት ማሽን የለውም። ክሩ ከጫፉ ጋር ይያያዛል፤ ባዶ በሆነው የጫፉ ክፍል ውስጥ ላስቲክ ስላለ ዓሣው ሲጎትት ላስቲኩ ይሳባል እንጂ ቀጭኑ ክር አይበጠስም። ዘንጉ እርስ በርሳቸው ከሚሰካኩ ክፍሎች የተሠራ ነው። ትልቁ ጥቅሙ አጥማጁ መንጠቆውን በሚፈልገው ነጥብ ላይ፣ ለምሳሌ በማዶው ቁጥቋጦ ሥር፣ በእጁ ያስቀመጠው ያህል አስተካክሎ ማኖር መቻሉ ነው። ዓሣው ምግቡን መንካቱን የሚያስታውቀው ተንሳፋፊ ከውኃው በላይ የሚታየው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ጀልባው ይምጣ። ለስሌት እንዲመች የቦዩ የውኃ መስቀለኛ ስፋት 10 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የዚያ ሀገር ጠባብ ጀልባ ወርዱ 2.1 ሜትር ያህል ነው፤ 0.6 ሜትር ያህሉ ከውኃ በታች ቢሆን 1.26 ካሬ ሜትር ይይዛል። ይህም ማለት ከቦዩ አንድ ስምንተኛውን ይዘጋዋል። ጀልባው ወደፊት ሲሄድ በፊቱ ያለው ውኃ መሄጃው በጎንና በሥሩ በቀረው ክፍተት ወደ ኋላ መፍሰስ ነው። ጀልባው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 1.11 ሜትር) ቢጓዝ፣ በጀልባው ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው በጎኑ የሚያልፈው ውኃ ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 1.27 ሜትር ከፍ ይላል። ልዩነቱ 16 ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ ነው፤ ከዳር ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ረግቶ የነበረው ቦይ በዚህ ፍጥነት ወደ ኋላ የሚፈስ ወንዝ ሆነ ማለት ነው። በበርኑሊ ሕግ መሠረት ደግሞ ፍጥነቱ የጨመረ ውኃ ከፍታው ይቀንሳል። በምሳሌያችን ዝቅታው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን አላት ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ በሚሊ ሜትር ለሚለካ ተንሳፋፊ ይህ እንደ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አጥማጅ ጀልባው ሳይደርስ መንጠቆውን ያወጣል፤ ካለፈም በኋላ ውኃው ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን እስኪተው ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። የጀልባው ፍጥነት በእጥፍ ቢያድግ ዝቅታው ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚጨምርና ዳርቻውንም ስለሚሸረሽር፣ በእነዚህ ቦዮች ላይ በሰዓት ከ4 ማይል (6.4 ኪሎ ሜትር) በላይ መሄድ አይፈቀድም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ሳያነሡ ማለፍ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1834 ጆን ስኮት ራስል የተባለ መሐንዲስ በኤዲንብራ አጠገብ በሚገኘው ዩኒየን ቦይ ላይ በፈረሶች የሚጎተት ጀልባ ሲመለከት ጀልባው በድንገት ቆመ። ጀልባው ይገፋው የነበረው ውኃ ግን አልቆመም፤ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ብቸኛ ሞገድ ሆኖ ቅርጹን ሳይለውጥ ወደፊት ገሠገሠ። ራስል በፈረስ ተከተለው፤ ፍጥነቱን በሰዓት ከ8 እስከ 9 ማይል ገመተ። የሞገዱ ፍጥነት የመሬት ስበት ፍጥንጥነትና የውኃው ጥልቀት ብዜት ካሬ ሥር ነው፤ ተማሪው 9.8 እና 1.5 ሜትርን አባዝቶ ቢያሰላ በሴኮንድ 3.8 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 8.6 ማይል ያገኛል። ዛሬ ሶሊቶን እየተባለ በብርሃን አስተላላፊ ክሮች ጥናት ውስጥ ሳይቀር የሚጠቀስ ክስተት የተገኘው በአንድ የበጋ ቀን በቦይ ዳር ነው።

ወደ አጥማጃችን እንመለስ። ሞገዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ የማይረጋው ደለሉ ነው። የጀልባው መቅዘፊያ ከወለሉ ያነሣው ጭቃ ውኃውን ቡናማ ያደርገዋል። በረጋ ውኃ ውስጥ የምትሰምጥ እንክብል ፍጥነት እንደ መጠነ ወርዷ ካሬ መሆኑን የስቶክስ ሕግ ያስተምረናል። ወርዷ 20 ማይክሮ ሜትር የሆነ የደለል ቅንጣት በሴኮንድ 0.36 ሚሊ ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ 1.2 ሜትር ለመስመጥ 55 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ወርዷ 2 ማይክሮ ሜትር የሆነች የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን በመቶ እጥፍ ትዘገያለች፤ ወለሉ ላይ ለመድረስ አራት ቀን ገደማ ያስፈልጋታል። በየሃያ ደቂቃው ጀልባ ካለፈ፣ የመጀመሪያይቱ እንኳ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ተመልሳ ትነሣለች። በጋውን ሙሉ ውኃው የማይጠራው ለዚህ ነው።

ታዲያ ዓሣው ምን ይሆናል? በቦዩ ውስጥ የሚበዛው ሮች የተባለው ዓሣ መስማት የተሳነው አይደለም። የአየር ከረጢቱን ከውስጠኛው ጆሮው ጋር የሚያገናኙ ጥቃቅን አጥንቶች ስላሉት የመስማት ችሎታው ከብዙ ዓሣዎች የላቀ ነው። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት የላቤዮባርበስ ዝርያዎችም ይህንኑ ሥርዓተ አካል ይጋሩታል። እንግዲህ ሮች ሞተሩን ከሩቅ ይሰማዋል፤ ይሁን እንጂ ምንም ጉዳት ያላስከተለበትን ተደጋጋሚ ድምፅ እየለመደ ይሄዳል። ጀልባው በመሐል ሲያልፍ ወደ ማዶው መደርደሪያ ገለል ይላል። ደለሉ ሲነሣ ደግሞ ሁለት ነገር ያገኛል፦ ከጭቃው ጋር የተነሡ ትናንሽ እጮችና ትሎች፣ እንዲሁም በዓይናቸው ከሚያድኑት ከፓይክና ከፐርች የሚሰውረው መጋረጃ። ጥርት ባለ ውኃ ቀን በቀን የሚፈራው ዓሣ በደፈረሰው ውስጥ ደፍሮ ይመገባል። ጀልባ ያበሳጨዋል የምንለው አጥማጅ አንዳንድ ጊዜ ጀልባ እስኪያልፍ የሚጠብቀውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሲባል ጀልባ ለቦዩ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ብርሃን ወደ ወለሉ ካልደረሰ የውኃ ውስጥ ዕፅዋት አያድጉም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ በብሪታንያ ቦዮች ላይ የተደረገ ጥናትም የጀልባው ምልልስ ሲበዛ ዕፅዋቱ እንደሚመናመኑ አሳይቷል። በአንጻሩ ጀልባ ፈጽሞ በማይሄድበት ቦይ ዕፅዋቱ ሞልተው መንጠቆ እንኳ ማስገቢያ ይጠፋል።

በዚህ ሙያ ሕይወት የሚያሳጣው ግን ጀልባውም ጭቃውም አይደለም፤ ከራስ በላይ ያለው ሽቦ ነው። ዘንጉ የተሠራው ከካርቦን ፋይበር ነው። በካርቦን ፋይበር ውስጥ አቶሞቹ እንደ ግራፋይት በተነባበሩ ገጾች ስለሚደረደሩ በነጻነት የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ቦታ ረጅሙን ዘንግ ቀጥ አድርጎ ማንሣት ሽቦውን በእጅ እንደ መጨበጥ ነው። ሽቦውን መንካት እንኳ ግድ አይደለም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የአየሩን ክፍተት ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። በብሪታንያ በዚህ መንገድ የሞቱ አጥማጆች ስላሉ ከመስመሩ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ማጥመድ ይመከራል። ዘንጉም በቆመበት አይነሣም፤ አጥማጁ በጀርባው በኩል በአግድም ወደ ኋላ እየሳበ ክፍሎቹን ይነቅላል። ያኔ ዘንጉ የእግረኛውን መንገድ ስለሚዘጋ ከመሳቡ በፊት ግራና ቀኝ ብስክሌት እንደሌለ ማየት ግዴታው ነው።

ቀኑ ሲሞቅ ሌላ ችግር ይከተላል። በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 11.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ25 ዲግሪ የሚይዘው 8.3 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት ግን ውኃው ሲሞቅ ይጨምራል። አጥማጆች የያዙትን ዓሣ እስኪለቁት ድረስ በውኃ ውስጥ በተነከረ መረብ ያቆዩታል፤ በሞቃት ቀን ግን ብዙ ዓሣ በአንድ መረብ አጭቆ ረጅም ሰዓት ማቆየት ዓሣውን ሊገድለው ይችላል። ቀን ላይ ዕፅዋትና አልጌ በብርሃን አስተፃምሮ ኦክስጅን ይጨምራሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይተነፍሳሉ፤ ከጭቃው የተነሣው ብስባሽም ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከሁሉ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው።

ምሽት ላይ ጀልባዎቹ ከዳር ይታሰራሉ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሻካራው ደለል ወለሉ ላይ ዐርፏል፤ ደቂቁ ሸክላ ግን ገና ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንኳ አልወረደም። እርሱ መንገዱን ሳይጨርስ ነግቶ የመጀመሪያው ጀልባ ሞተሩን ያስነሣል።