ሀብሩን ያጣው ፎርም

አንድ መሥሪያ ቤት የመመዝገቢያ ሲስተም አሠራ እንበል። ወረዳ የሚሞላበት ባዶ ሳጥን አለው። መርሳ ያለው ሠራተኛ «ሐብሩ» ብሎ ይጽፋል፤ ወልድያ ያለው «ሀብሩ»፤ ከዞን የመጣው ደግሞ «ሃብሩ»። ለሰው ሦስቱም አንድ የሰሜን ወሎ ወረዳ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የሚያወዳድረው ቁጥር ነው፦ ሀ 4608፣ ሃ 4611፣ ሐ 4624። ሪፖርቱ ሲወጣ ሀብሩ ሦስት ወረዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። «ወልድያ» እና «ወልዲያ»ም ሁለት ከተማ ይሆናሉ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ዳታቤዙ ላይ ይጥላል፤ እኔ ግን ገጹን በሠራው ላይ አደርገዋለሁ። የወረዳ ስም እንዲጻፍ ሳይሆን ከዝርዝር እንዲመረጥ፣ በፍለጋ ጊዜም ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ እንደ አንድ እንዲታዩ ማድረግ የእሱ ሥራ ነበር።

ይህ ሰው በሙያው አነጋገር ፍሮንት ኤንድ ዴቨሎፐር ይባላል፤ በተኑን፣ ሜኑውን፣ ፎርሙን፣ ሥዕሉን፣ ተጠቃሚው ዓይኑ የሚያርፍበትን ሁሉ የሚሠራ። በሰሜን ወሎ ወደዚህ ሙያ የሚያስገባው ዋናው በር በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርቱ ወልድያ ላይ ይሰጣል፤ የግብርናው ካምፓስ መርሳ ነው። በሁለቱ ከተሞች መሀል፣ እዚያው ሀብሩ ውስጥ፣ ዝናብ አጠር ለሆነ አካባቢ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን የሚያወጣው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ገጽ መሥራት የሚማረው ተማሪና የገበሬውን ጉዳይ የሚማረው ተማሪ የሚለያያቸው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ለዚህ ሙያ ከዚህ የተሻለ የመለማመጃ ቦታ የት ይገኛል?

ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ደግሞ በሐምሌ 2016 ኢትዮጵያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ያስጀመሩት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም አለ። ትምህርቱ በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ፣ በዩዳሲቲ በኩል የሚሰጥ ሲሆን ከኮርሶቹ አንዱ በኮትሊን ቋንቋ የአንድሮይድ አፕ መሥራት ነው። ሰርተፊኬቱም ይሰጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ካለ።

እዚህ ላይ ነው የወልድያ ተማሪ ታሪክ ከአዲስ አበባው የሚለየው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ሳለ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፤ ኮምፒዩተሮቹም አልተረፉም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ሰልጣኝ የመሥሪያ ሶፍትዌር ምርጫ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «መስመር ቢቋረጥ ይሠራል ወይ?» ነው፤ ሁለተኛው «አራት ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይችለዋል ወይ?»።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በሙያው ስማቸው የገነነ አንዳንድ መሣሪያዎች ይወድቃሉ። አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ ስምንት ጊጋባይት ሚሞሪ ይጠይቃል፤ አዲስ ፕሮጀክት በተከፈተ ቁጥርም ከኢንተርኔት የሚያወርደው አያጣም። ዲዛይነሮች የሚምሉበት ፊግማ ያለ ኢንተርኔት እጅና እግሩ የታሰረ ነው። የእሱን ሥራ የሚሠራው ፔንፖት ግን ኮዱ ክፍት በመሆኑ በግቢው ሰርቨር ላይ ሊጫን ይችላል።

የሚያልፉት ደግሞ ትሑቶቹ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ብሮውዘሩን ነው። ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ያለው ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ኤፍ 12 ሲጫኑት ውስጡን ይከፍታል፦ እያንዳንዱ በተን ስንት ፒክስል እንደያዘ ያሳያል፣ ገጹን በትንሽ ስልክ ስፋት አጥብቦ ያስመስላል፣ ኢንተርኔቱን ሆን ብሎ እንዲያዘግም ያደርጋል። ሰልጣኙ ገጹ መርሳ ገበያ መሀል በደካማ ኔትወርክ ምን እንደሚመስል ከወንበሩ ሳይነሣ ማየት ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ከጫነ ትኪንተር የሚባለው የመስኮትና የበተን መሥሪያ አብሮት ይመጣል፤ ሌላ ማውረድ አያስፈልግም። ለሥዕልና ለአይከን ኢንክስኬፕ፣ ለጌምና ለተንቀሳቃሽ ግራፊክስ ጎዶ አሉ። የጎዶ የተጨመቀ ፋይል ከ200 ሜጋባይት አይበልጥም፤ የራሱን መስኮቶችም የሠራው ለተጠቃሚው በሚሰጠው በዚያው መሣሪያ ነው፤ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም። የማጣቀሻ ጽሑፍ ለሚፈልግ ኪዊክስና ዚል አሉ፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ናቸው።

መሣሪያው ይህን ያህል ነው፤ ሁሉም ነጻ ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው። በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ሥልጠና የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ገጽ ነው፤ አማርኛ ገጽ ላይ የሚበላሸውን አያስተምርም።

ፊደል እንዴት ስክሪን ላይ እንደሚወጣ እንይ። «ለ» ስትተየብ ኮምፒዩተሩ 4616 የሚል ቁጥር ይይዛል። ሃርፍባዝ የሚባለው በክሮምም በፋየርፎክስም በአንድሮይድም ውስጥ ያለ ፕሮግራም ያንን ቁጥር ይዞ ፎንቱ ውስጥ የትኛው ቅርጽ እንደሆነ ይፈልጋል። ቅርጹ በጠማማ መስመሮች ስሌት የተቀመጠ ነው፤ በመጨረሻ ወደ ነጠብጣብ ተለውጦ ስክሪኑ ላይ ይቀባል። እንቅስቃሴ ያለበት ገጽ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚሳል ከሆነ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሴኮንድ ያንሳል። ፊደሎቻችን እንደ ዐረብኛው እርስ በርስ ስለማይያያዙ የእኛ ሥራ ቀላል ነው። ቁጥሮቹም የተሰደሩት በአስተዋይ እጅ ነው፦ አብዛኛው የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል። ቁጥሩን ለስምንት አካፍለህ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ አንድ ከሆነ ካዕብ፣ አምስት ከሆነ ሳድስ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ መስመር ኮድ ሊፈትነው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የጸናው እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በየራሱ መንገድ ይደረድር ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። አማርኛን ኮምፒዩተር ላይ ለማውጣት ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ እንደ ፍስሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ደክመዋል።

ፎንት መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ንያላ ውብ ነው፤ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ገጹ ላይ ደመቅ ይበል ሲባል ብሮውዘሩ በግድ ያወፍረዋል፣ «ጨ» እና «ጬ» መሰል ፊደሎች ይጠቀጠቃሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም የተሟላ ስለሆነ ለገጽ ሥራ እሱን እመርጣለሁ። ዘንበል ያለ ጽሑፍ ግን ይቅር፤ ፊደላችን አልለመደውም፣ መልኩን ያበላሸዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ርእስን ማጉላት የሚቻለው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። የመስመሩ ቁመት ከጠበበ ደግሞ የ«ሯ» እና የ«ቷ» እግር በታችኛው መስመር ይቆረጣል። ለእንግሊዝኛ የሚበቃውን ክፍተት ለአማርኛ ጨመር ማድረግ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ቀን ነው። የኤችቲኤምኤል የቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። እናት የልጇን የትውልድ ቀን «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» ብትል ፎርሙ አስራ ሦስተኛ ወር የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ቀኑ ግን በእርግጥ ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲቀር ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ውስጥ ያለው የጃቫስክሪፕት የቀን አቀራረብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ በአማርኛ ከተጠየቀ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ የወር ስም ያወጣል። በዓመተ ዓለም ልቁጠር ለሚልም አለው፤ 5,500 ይጨምርበታል። ሳይጠየቅ ግን አይሰጥም፤ መጠየቅ እንደሚቻል ደግሞ የሚያስተምር ጥቂት ነው። ይህ ግን የሚጠቅመው ቀን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ቀን መቀበያውን ሠሪው ራሱ ሦስት ሳጥን አድርጎ ይሥራው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የከብት ክትባት «3 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈና ሲስተሙ በፈረንጁ አቆጣጠር ወስዶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ከያዘው በዚያ ቀን በረት ላይ ማንም አይገኝም። ውስጥ የሚቀመጠው በፈረንጁ አቆጣጠር ያለው የአገራችን ሰዓት ይሁን፤ ለተጠቃሚው የሚታየው ግን ስድስት ሰዓት ተቀንሶለት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይባል።

አነጋገሩም አለ። ሽማግሌ ፎርም ሲከፍት «ስምህን ጻፍ» የሚለውን ገጽ ወሎ ውስጥ ማን በደግ ያየዋል? «ስምዎን ይጻፉ» ቢባል ወንድ ሴት ሳይለይ ለሁሉም ይሆናል። ቦታ ከጠበበ በተኑ «ግባ» ከሚል «መግቢያ» ተብሎ ያልፋል።

ከዚያ ደግሞ ስማርት ስልክ የሌለው አለ። በአማርኛ የሚላክ አንድ የጽሑፍ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ሲሆን 160 ነው። ስለዚህ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ የሚጀምር መልእክት ገና ወደ ጉዳዩ ሳይገባ ከ70ው ዘጠኙን ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበሬዎች የተከፈተው 8028 ነጻ የስልክ መስመር ስክሪን የለውም፤ ቁጥር እየተጫኑ በድምፅ የሚመሩበት ነው። እኔ ግን እሱንም ከገጽ ሥራ እቆጥረዋለሁ፤ ሰልጣኞችም ቢለማመዱበት እወዳለሁ፤ ኮምፒዩተር እንኳ አይፈልግም። ሜኑውን ወረቀት ላይ ጽፈው አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ይስማ፤ አራተኛው ምርጫ ላይ ሳይደረስ «የመጀመሪያው ምን ነበር?» ብሎ ከጠየቀ ሜኑው ረዝሟልና ይቆረጥ።